እስከ አምስተኛው ፎቅ

«አላህ!» ይላል ባህጋት ከኋላ ወንበር። «ትንፋሽህን ያርዝመው፣ ሼኽ ሃይሰም!»

አዳራሹ ይስቃል። ቁርዓን ለሚቀራ ሰው የሚባለውን ለልቦለድ አንባቢ ማለት የሁለቱ ጓደኛሞች የቆየ ቀልድ ነው። እዚያ እስክንድርያ ወደብ አጠገብ ካለው ካፌ ውስጥ፣ ሃይሰም የደራሲውን የኡስታዝ ሺሃታን፣ መጽሐፍ ሙሉ አራት ነጥብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ያነበንባል፤ አየር በሳበ ቁጥር ባህጋት «አላህ!» ይላል፤ ሺሻ የያዘው ሁሉ በሳቅ ይንፈራፈራል።

ዛሬ ግን ደራሲው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጉሮሯቸውን ኦፕራሲዮን ከሆኑ ወዲህ ድምፅ የላቸውም። በክብር በዓልዎ ማን ያንብብልዎ ሲባሉ «ሃይሰም ነው አሉ የኔን ነገር የሚችልበት» ብለው አንሾካሾኩ። ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ሃይሰም ያነባል። የልቦለዱ ሰውዬ እናቱን ከሆስፒታል አምጥቶ፣ አሳንሰሩ ስለተበላሸ፣ በጀርባው አዝሏት ደረጃውን ይወጣል፣ በየፎቁ በር ተከፍቶ «ሐጃ እናትህ እንዴት ናት?» ይባላል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ተኝታለች» ይላል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ስለ ሰርግ፣ ሁለተኛው ላይ ስለ ዓሣ ዋጋ ይነገረዋል፣ ሦስተኛው ላይ ጡረተኛው ሻለቃ ስለ ውሃ ፓምፑ አንድ ገጽ ሙሉ...

«ኧረ ፓምፑን አሠሩለት፣ እናንተ ጀመዓ!» ይጮኻል ባህጋት።

ቀልዱ ሁልጊዜ እዚህ ያልቃል። ሃይሰም ከፓምፑ አልፎ አያውቅም። በጋዜጣ ላይ መጽሐፉን በሂስ ሲቦጭቀውም ከዚያ ገጽ አላለፈም።

አራተኛው ፎቅ። ጎረቤቲቱ ልትስም የሐጃን እጅ ትይዛለች፣ ቀስ ብላ ትለቀዋለች፣ ሰውየውን ቀና ብላ ታየዋለች፣ «ተኝታለች» ይላል፣ «አዎ፣ ተኝታለች» ትላለች፣ ከዚያም ስለ ልብስ ማስጫ ገመዷ ትጀምርለታለች...

የሃይሰም ድምፅ ይሰነጠቃል። ሐጃ መንገድ ላይ ሞታለች። ሴትየዋ ታውቃለች። ሻለቃውም አውቆ ኖሯል፤ ያን ሁሉ ስለ ፓምፕ የዘበዘበው ሰውየው ከአልጋው ቶሎ እንዳይደርስ፣ አውርዷት ከሞቷ ጋር እንዳይፋጠጥ ነው።

«አላህ! ሼኹ ደከሙ!»

ሳቁ ከፊት ወንበሮችም ይነሳል። ሃይሰም ባህጋትን ዝም በል ሊለው ይፈልጋል። ግን ቀልዱን ያስተማረው ማን ሆነና?

ቀና ይላል። ኡስታዝ ሺሃታ በየነጠላ ሰረዙ ከዘራቸውን በጣታቸው ሲመቱ ቆይተዋል። አሁን ጣታቸው አየር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከሚስቀው ሕዝብ ጋር እሳቸውም ፈገግ ብለዋል፤ በአገጫቸው «ቀጥል» ይሉታል።

ሁለት መስመር ቀርቷል። በመጨረሻው ላይ በመጽሐፉ ሁሉ ሲጠፋ የከረመው አራት ነጥብ ተቀምጧል፤ ከነጥቡ አጠገብ አልጋው።

ደረቱ ባዶ ነው። ኋላ ባህጋት አፉን ከፍቶ፣ «አላህ!» ሊል የሃይሰምን ትንፋሽ ይጠብቃል።

ሃይሰም አይተነፍስም፤ ማንበቡን ይቀጥላል።