ጎግልን የሚጥለው መፈለጊያ

«አምስት ደቂቃ!» እላለሁ ስልኬን ከፍ አድርጌ። «አምስት ደቂቃ ቀረው። ከዚያ ጎግል ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል!»

አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሴት ከቦኛል። እሺ፣ ሠላሳ። የእሁዱ አምልኮ ካለቀ ቆይቷል፤ ወደየአሠሪ ማዳማቸው ቤት መመለሻ ሰዓት እስኪደርስ ግን ማንም ንቅንቅ አላለም። ይህን አዳራሽ ቤሩት ዳር፣ ምካሌስ ውስጥ የተከራየነው ከሰድር መጋዘን አጠገብ ነው። ከበላያችን፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ አዲሱን መፈለጊያ የሠሩት ልጆች ኬክ ሊቆርሱ ተሰብስበዋል። «ደዊር» ብለውታል፤ በአረብኛ «ፈልግ» ማለት ነው። የሰፈሩ ፋብሪካ ሁሉ ሰድርና ካርቶን ሲያመርት እኛ መፈለጊያ ሠራን። እኛ ማለት ይገባኛል። ቢሮውን ሁለት ዓመት የወለወልኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ሥራው ሲጠፋባቸው ቀና ብለው የሚያዩት የእኔን ፊት ነበር።

«ጋሼ ቸርነት፣ ያኒ በምንድን ነው የሚበልጠው?» ትላለች ሚሚ። አረብኛ የሚቀላቅለው አፏ አያርፍም።

«ጎግል አሜሪካ ቁጭ ብሎ ነው የሚፈልገው። የእኛው እዚሁ ነው ያደገው። የቤሩትን ጋዜጣ ከነድሮው አንብቦ ጨርሷል። ሳብራ ገበያ መርፌ ቢወድቅብሽ ከነክሩ ያመጣልሻል።»

«እንግዲያው የጠፋብኝን ባሌን ያምጣልኛ!»

«እሱን ጠፋ አይሉትም። አመለጠ ነው የሚሉት።»

አዳራሹ በሳቅ ይናጋል። ወርቅዬ ብቻ አትስቅም። ከሳብራ የገዛችውን የፌስታል ዕቃ አቅፋ ክርኔ ስር ቆማለች። ታናሽ እህቷ ሀረገወይን ከጠፋች ሰባት ወር ሆናት። የአሠሪዎቿ ስልክ አይነሳም፤ ቤታቸውን የሚያውቅ የለም። ወርቅዬ በየእሁዱ ያችኑ አንዲት ፎቶ ታሳየኛለች። «ይቺ ግራ ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ልጅ ሆነን እኔ ነኝ የፈነከትኳት» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወደዚህ አገር ነይ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

በየእሁዱ የእህቷን ስም ጎግል ላይ እጽፍላታለሁ። ምንም አይመጣም። አንድ እሁድ ፊቷን ማየት ቢያቅተኝ፣ «ደዊር ሲከፈት ያገኛታል» አልኳት። ወሬ ማሳደግ የለመደ አፍ የት እንደሚቆም አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እየቆጠረች ነው።

ስድስት ሰዓት ይሆናል። ላይ ቤት ጭብጨባ ይፈነዳል። ስልኬ ላይ ነጭ ገጽ ይከፈታል፤ መሃሉ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን።

የሀረገወይንን ስም ከነአባቷ እጽፋለሁ። በአማርኛ፣ ቀጥሎም በአረብኛ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አረብኛ የሚያነብ ከእኔ ሌላ የለም፤ ይሄኛው እንኳ ያልተጋነነ ነው።

ምንም።

«ኸላስ፣ አለቀ» ትላለች ሚሚ፣ አሁን ሳትስቅ።

ወርቅዬ ወደ ጆሮዬ ትጠጋለች። «ጋሼ... በፓስፖርቷ ስምስ ቢሞክሩት?»

«ፓስፖርቷ ሌላ ስም ነው እንዴ ያለው?»

«ደላላው በእስላም ስም ነው ያወጣላት፣ ቶሎ ያልፍልሻል ብሎ። ለማንም እንዳትናገሩ አለን። እኔም እዚህ እህቶች ፊት አፈርኩ።» ዙሪያዋን ታያለች። «አሲያ ሱሩር።»

ሰባት ወር ሙሉ፣ ቤሩት ውስጥ ማንም የማያውቀውን ስም ስንጽፍ ከርመናል።

ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠግቼ እጽፈዋለሁ። ገና ጣቴን ሳላነሳ ይመጣል። አንድ ጋዜጣ፣ የሰኔ። ሁለት መስመር ብቻ። ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ፣ ሃያ አራት ዓመት፣ ከአምስተኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች። ከጎኑ የፓስፖርት ፎቶ አለ፤ ለፎቶው ብቻ ተብሎ የተጠመጠመ ሻሽ፣ ከሻሹ በታች ግራ ቅንድብ ላይ ያለች ጠባሳ።

በዚህ ስም ቢጠየቅ ጎግልም በነገረን ነበር።

«ምን ይላል?» ትላለች ወርቅዬ። ሠላሳ ሴት አፌን ያያል።

ዕድሜዬን ሙሉ ቁንጫን ግመል ሳደርግ ኖሬያለሁ። ግመልን ቁንጫ ማድረግ ግን አልተማርኩም። ስልኩን ደረቴ ላይ እለጥፈዋለሁ።

«ምንም የለም» እላለሁ። «ዝም ብሎ ነው። አይረባም። ጎግል ይሻላል።»

አዳራሹ ይንጫጫል። «ያ ሐራም፣ ያሳዝናል!» ትጮኻለች ሚሚ። «ጋሼ ቸርነት ከነመወልወያው ተሸነፈ! ጎግልን ዕቃህን ፍታ በሉት!» እየሳቁ ቦርሳቸውን ያነሳሉ። «ያላ እንሂድ፣ ታክሲው!» «ማዳሜ ትጮኻለች!» ሁሉም ይውጡ፤ ሲወጡ እነግራታለሁ።

ይወጣሉ። ወርቅዬ ትቀራለች።

«አይዞዎት ጋሼ» ትለኛለች፤ እኔን። «ዛሬ ገና መከፈቱ አይደል? ሕፃን እኮ ነው። ይማራል።»

ስልኩን ከደረቴ ላላቅቅ እልና መልሼ እለጥፈዋለሁ።

«ስሙን ብቻ እንዳያጠፉት። እንደተጻፈ ይቆይ፣ ይፈልግ።» ከፌስታሉ ቀይ ሹራብ አውጥታ በእጆቿ ትዘረጋዋለች። «ለብርዱ ገዛሁላት። አይሰፋትም?»

«ልኳ ነው» እላለሁ።

ሹራቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እጅጌውን ታጥፋለች። ስልኩ ሊጠፋ ይደበዝዛል፤ ሸሚዜ ላይ እንደተለጠፈ፣ አውራ ጣቴ ነካ አድርጎ መልሶ ያበራዋል።