የግድግዳው ሰላምታ

የወይዘሮ ጥሩዓለም የአጥንት መቅኔ ደም ከልክ በላይ ያመርታል፤ የወፈረ ደም ደግሞ አንጎልን በድንገት ይመታል። ስለዚህ ልጃቸው ኅሩይ ዘወትር ጠዋት እየደወለ አንደበታቸው አለመተሳሰሩን ያጣራ ነበር። አዲስ ሕግ ይህን ምርመራ ለየቤቱ ተናጋሪ ግድግዳ ካስረከበ ወዲህ ግን መደወሉን ተወ። ግድግዳው ቤተሰብ የሚጠራው የተኮላተፈ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ነበር፤ ዝም ያለውን ተኝቷል ብሎ ያልፈዋል።

«እንዴት አደሩ?» አለ ግድግዳው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ?»

ግድግዳው አልመለሰም፤ ድምፃቸውን መርምሮ ጨርሷልና።

በማግስቱ ሆን ብለው ተኮላተፉ። ግድግዳው ወዲያው ልጃቸውን ጠራ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም፤ እንዴት አደርክ ልልህ ብዬ ነው።»

«ስብሰባ ጥዬ ወጣሁ እኮ! ሁለተኛ እንዲህ እንዳታስደነግጪኝ።»

አንድ ጠዋት ግን ምላሳቸው በእውነት ከበደ።

«እንዴት አደሩ?» አለ ግድግዳው።

ወይዘሮ ጥሩዓለም ልጃቸውን ዳግመኛ ላለማስደንገጥ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ዝም አሉ።