ግንቡን የሸኙ ዕለት

ሹፌሩ ያን ጠዋት አውቶቡሱን ከግቢ ሲያወጣ ልቡ አልረጋ ብሎት ነበር። ንጹሑን መስታወት እንደገና ወለወለ። ሞተሩን አስነሥቶ አጠፋው፤ ደግሞ አስነሣው። ከኋላው ደጋፊዎቹ ከበሮና ጥሩንባ ይዘው እየተንጫጩ ይሳፈራሉ። ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከሁሉ ቀድማ መጥታ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

የሚሸኙት ግንቡን ነው። ግንቡ የክለባቸው የመሃል ተከላካይ ነበር። አጥቂ በአጠገቡ አያልፍምና በእናት አባቱ ስም የሚጠራው ሰው አልነበረም። አሁን ባሕር ማዶ ያለ ክለብ ወስዶታል። የደጋፊዎቹ አለቃ ፀጉር አስተካካዩ፣ ወሬውን የሰማ ቀን ደንበኛውን በግማሽ ራሱ ጥሎ ደጅ ወጥቶ አለቀሰ ይባላል።

ሹፌሩ ግን አላለቀሰም። እሱ ነገር ከገባው ቆይቷል።

ሚስቱ ድሮ ኳስ የሚባል ነገር አትወድም ነበር። ጥቂት ዓመታት ሆናት፣ ጨዋታ በመጣ ቁጥር የስፌት መኪናዋን ሸፍና ስታዲየም መግባት ጀመረች። እንደ ሌላው አትጮህም። ግንቡ ኳስ ሲያስጥል ሰዉ ሁሉ ብድግ ይላል፤ እሷ ከንፈሯን ነክሳ ቁጭ እንዳለች ዓይኗን ወደ ዳር ታሸሻለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰው በልቡ የያዘውን በአደባባይ አያጨበጭብለትም፣ ብሎ ሹፌሩ ተረጎመው።

አምና ደግሞ ግንቡ ጉልበቱን ተጎድቶ ቤቱ በዋለ ሰሞን፣ እንጉርጉሮዋ ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ፊቷ ወዛ፤ ጎረቤቶቿ ምን አገኘሽ እስኪሏት ድረስ። ሰውየው ድኖ ወደ ሜዳ ሲመለስ ሳቋ ጠፋ። ሹፌሩ ይህንንም ደመረው። ቤት ሲውል ደስ ይላታል፣ ሥራ ሲገባ ይከፋታል። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይቆጠራል?

የዝውውሩ ወሬ ከመጣ ወዲህማ ባሰባት። እንቅልፍ አጣች። የሰው ሸሚዝ እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ መልሳ ተረተረችው። ማዕድ ላይ ድንገት ቀና ብላ፣ የአዲሱ ክለብ ሐኪሞች ጉልበቱን አይተው ቢመልሱትስ ብላ ትጠይቃለች። ያ ከልምምድ ተመልሶም ማሊያውን የማያወልቀው ልጃቸው እንኳ እንዲህ አልሆነም፤ አንገቱን ደፍቶ በልቶ ይነሣል። ሹፌሩ፣ ቢመልሱትማ ላንቺ ሠርግሽ ነው ሊላት ይከጅልና ቃሉን ከጉርሻው ጋር ይውጠዋል።

በዕድሜ እንኳ የግንቡ ታላቅ ናት። ይህን ሲያስብ ይበልጥ ያንገበግበዋል።

ዛሬ ግን ቆርጧል። ከሽኝቱ ሲመለሱ አፍ አውጥቶ ይጠይቃታል፤ ከዚያ ልብሱን ሸክፎ ወንድሙ ቤት ይገባል። ወንድሙ ምክንያቱን ሳይጠይቅ አልጋ አዘጋጅቶለታል።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሰው ከአጥር እስከ አጥር ሞልቶ ነበር። ከበሮው ተመታ፣ ተዘፈነ፣ በዘፈኑ መሃል ለቅሶ ገባበት። ፀጉር አስተካካዩ ንግግር ሲያጠና ሰንብቶ ነበር፤ «አንተ እኮ» ብሎ ጀመረና ከዚያ ወዲያ አልሆነለትም። ግንቡ ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ የልጆች አባት የሆኑ ጎልማሶችን እያቀፈ ያባብላል።

ሹፌሩ ከመሪው ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ ሰዉን በክርኗ እየከፈለች ስትገባ በመስኮቱ አያት። ግንቡ ፊት ደረሰች። እጁን በሁለት እጇ ያዘች። እሱም ጎንበስ አለላትና በጆሮው አንድ ነገር አለችው። ሰውየው ቀና ብሎ ትክ ብሎ አያት፤ ከዚያ ሳቀና ግንባሯን ሳማት። እሷ እንባዋ ወረደ።

ሹፌሩ ሳይታወቀው ክላክሱን ተጭኖ ኖሯል። ሰዉ ዞረ፤ እሱም በበኩሉ መሰናበቱ መስሏቸው አጨበጨቡለት።

መንገዱን ሁሉ በመስታወቱ ሲያያት መጣ። ጉንጯ ገና አልደረቀም፣ ዓይኗ ግን ያበራል። ጣቶቿን ታፍተለትላለች፤ አሁንም አሁንም ስልኳን ታያለች። የመጨረሻው ደጋፊ እስኪወርድ ታገሠ። ከዚያ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን አልሽው?» አላት ሳይዞር።

«ማንን?»

«ማንን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

የቀሚሷን ጫፍ ስታስተካክል ቆየችና፣ «አትመለስ አልኩት» አለች።

ይህ ነገር ከጀመራት ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቃት። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው አለችው። ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ ቢላት፣ ምን ብዬ ልንገርህ፣ እኔው ራሴ እያፈርኩበት አለች።

«እሱ ምንም አላጠፋም» አለች ቀጥላ። «ደግ ሰው ነው። ክፋቱ ከእኔ ነው። ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር።»

ሹፌሩ መሪውን ጨምቆ ያዘ። ቤቱን አሰበ፣ በመስኮቱ ሥር የቆመውን የስፌት መኪና አሰበ፣ የወንድሙን ጠባብ አልጋ አሰበ።

ስልኳ ጠራ።

እሷ ብድግ ስትል እሱ ቀደማት። ሰውየው ሳይሳፈር መደወሉ ነው፤ ይህን ያህልም ድፍረት አለ። የደዋዩን ስም እንኳ ሳያይ ከፍቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ ሊሰድበው አፉን ሲከፍት ከወዲያ ያለው ድምፅ ቀደመ።

«እማዬ፣ አሰልጣኙ አሁን ጠርቶኝ ነበር፤ ከቅዳሜ ጀምሮ በግንቡ ቦታ የምሰለፈው እኔ ነኝ።»