ሲለቅ የማይሰማ

ይዞ ይሆን?

ካቡ ላይ ቆሜ ስልኩን ወደ ንፋስ መውጫ ከተማ አቅጣጫ ከፍ አድርጌ እይዛለሁ። በመንደሩ ኔትወርክ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው፤ ከአውድማው በላይ፣ ካቡ በጎደለበት በኩል። ከኋላዬ ባለው ዳስ ውስጥ የአባቴ ተዝካር ይበላል። ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ጠላው መዞር ጀምሯል።

ጀርመን አገር ደግሞ እኔ የሠራሁት ፍሪሲዮን ያለበት መኪና ሌሊቱን ሲሽቀዳደም አድሮ አሁን ውድድሩን መጨረስ አለበት። ከጨረሰ ለሚመጣው ዓመትም ሥራው የእኔ ነው፤ ይጠሩኛል። ከተሰበረ የእኔም ነገር አብሮ ያበቃል። ለተዝካሩ ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ ያለኝ ይህንኑ ነው። አብራኝ የምትሠራው ዩዲት፣ «ልክ እንዳለቀ እጽፍልሻለሁ» ብላ ሸኝታኛለች።

«እህሉ ገና አልበቀለም እኮ። ዝንጀሮ ነው የምትጠብቂው?»

አጎቴ እንየው ናቸው፤ የእናቴ ወንድም። ከወገዳ ለተዝካሩ መጥተዋል። ጋቢያቸውን ሰብስበው ካቡ ሥር ቆመዋል።

«መልእክት ነው፣ አያ።»

«ሽማግሌዎቹ ሊነሡ ነው። ሳይነሡ ነገሩ ይቆረጥ ይላሉ። አንቺ የምትቀሪ ከሆነ እናትሽ እዚሁ ቤቷ ትቀመጣለች። የምትሄጂ ከሆነ ቤቱ ይዘጋና ከእኔ ጋር ትሄዳለች፤ የወገዳው መኪና ከአርብ ገበያ ከተማ ሳይነሣ፣ አሁኑኑ። ብቻዋን አንተዋትም።»

«እሷ ምን አለች?»

«‹ልጄን ጠይቋት› አለች።»

ስልኩ ኔትወርክ ያገኝና መልሶ ያጣል።

«ውድድሩ ሲያልቅ እነግርዎታለሁ።»

«የምን ውድድር?»

«የመኪና።»

«ማን አሳድዷቸው ነው የሚሮጡት?»

ሳላስበው እስቃለሁ። እሳቸው ግን አይስቁም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ።

«ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽውን እስቲ ለእኔም ንገሪኝ። ምንድን ነው የምትሠሪው?»

ወርጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። በጣቴ አፈሩ ላይ ሁለት ክብ እሥላለሁ፣ አንዱን በአንዱ ውስጥ። በመካከላቸው ባቄላ የሚያህሉ ብረቶች እንደሚደረደሩ እነግራቸዋለሁ። ሞተሩ ሲገፋ ብረቶቹ ቀና ብለው በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ይወጠራሉ፤ ኃይሉ ወደ ጎማው ያልፋል። ሾፌሩ ነዳጁ ላይ ያለውን እግሩን ሲያነሣ ግን ጎማው ከሞተሩ ይቀድማል። ያን ጊዜ ብረቶቹ ጋደም ይሉና ይለቁታል። ባይለቁት ሞተሩ ጎማውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ በዚያ ፍጥነት፣ መታጠፊያ ላይ ከሆነ፣ መኪናው ተሽከርክሮ ይወጣል።

«እና በሬው ሲጎትት ሞፈሩ ይሄዳል፣ በሬው ሲቆምም ሞፈሩ ብቻውን ይሄዳል ነው የምትይኝ?»

«ለጥቂት ጊዜ። በሬው እስኪደርስበት።»

«ሞፈር ብቻውን ሲሄድ አየሁ ያለ ሰው እኛ ዘንድ ጠበል ነው የሚወሰደው።» ክቦቹን ጎንበስ ብለው ያያሉ። «ሲለቅስ? አይናጥም?»

«ሾፌሩ መልቀቁንም አያውቅ። ምንም አይሰማውም። አብዝቼ የደከምኩትም እሱ ላይ ነው።»

 አጎቴ በምርኩዛቸው ወደ ላይ ያመለክታሉ።

«ካቡ እዚያ ጋ በማን የጎደለ ይመስልሻል? አባትሽ ነው። ትደውላለች ብሎ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ሲመሽ፣ ‹ዛሬ ሥራ በዝቶባት ነው› እያለ ይወርዳል።»

 ስልኩ እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ዘልዬ ካቡ ላይ እወጣለሁ።

ከዩዲት አይደለም። ለቡድኑ በሙሉ የተላከ ፎቶ ነው። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይከፈታል። ግራጫ ሰማይ፤ ወደ ላይ የተነሡ እጆች፤ የሚስቁ ፊቶች፤ ከሥራቸው በአቧራና በዘይት የጠቆረ መኪና። ጨርሷል። ይዟል። ዩዲት መሐል ላይ ናት፣ ዓይኗን በሣቅ ጨፍናለች። ከፎቶው በታች ስለ ጎማው ተጽፏል፣ ስለ ሾፌሮቹም፣ ሌሊት ስለጣለው ዝናብም። ፍሪሲዮኑን ያነሣ የለም። ያልተበላሸ ነገር ማን ያነሣዋል?

«መጣ?» ይላሉ አጎቴ።

«መጣ።»

«ታዲያስ?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አያ።»

ለዩዲት እጽፋለሁ፦ «አየሁት። መቼ ልምጣ?» መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ይወጣል። ቀጥሎ ማንበቧን የሚያሳየው።

እጠብቃለሁ።

አጎቴ ተነሥተው ጋቢያቸውን ያራግፋሉ። «እንግዲህ እነግራቸዋለሁ» ይላሉ። ምን ብለው እንደሚነግሯቸው አልጠይቅም። ዳሱ ውስጥ ይገባሉ። ከሸራው ማዶ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ቃሉ አይለይም። ትንሽ ቆይቶ የአንድ ሽማግሌ ምርቃት፣ ከዚያም የሁሉም «አሜን» ይመጣል።

እናቴ ከዳሱ ወጥታ ወደ ቤት ትገባለች። ስትመለስ በነጠላ የተቋጠረ ዕቃ ይዛለች። አጎቴ ይቀበሏታል። በሩን ራሷ ትዘጋና እጇን ሣንቃው ላይ አሳርፋ ትቆያለች። በአውድማው ሥር ባለው መንገድ ሲወርዱ መሐል ላይ ትቆምና ወደ ካቡ ቀና ትላለች። ስልኩን ከፍ አድርጌ እንደያዝኩ ነኝ። እየተሰናበትኳት መስሏት እሷም እጇን ታነሣለች።

እጄን አላወርድም። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመለሳል። «መቼ ልምጣ?» ከሚለው በታች አንድም ቃል አልመጣም፤ እስከ ዛሬ።