መሮ ከእጅ አይቀበሉም

የእንጨት ሥራ የሚያስተምረን ፈረንጅ መሮውን ዘርግቶልኛል። ስለቱን ወደ ራሱ፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ ይዞታል። እኔም መዳፌን ወደ ጠረጴዛው እያሳየሁ እዚያ እስኪያስቀምጥልኝ እጠብቃለሁ።

«ውሰድ» ይለኛል።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ይስቃሉ። ለእሱ ሴትም ወንድም አንድ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ሁላችንንም አንተ እያለ ነው። እኔ ግን አልስቅም። ተራዬ ደርሷል፤ መሮ መርጬ ካልያዝኩ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል። የሴቶች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ጓድ ሸዋዓለም ስታስገባን ቁርጡን ነግራናለች። «መሣሪያ የያዘች ትማራለች፤ የፈራች ለደፈረች ትልቀቅ» ብላናለች። ቦታ ያልደረሳቸው ሴቶች በሩ ላይ ቆመው አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ፈረንጁ ፊቴን አየት ያደርግና መሮውን ከኋላው ወዳለው የግድግዳ መስቀያ ይመልሰዋል። ከዚያ ሰፋ ያለውን አውርዶ ይዘረጋልኛል።

ግራ ይገባኛል። የመጀመሪያውን በጣቴ ያሳየሁት እኔው ነኝ፤ ለምን ቀየረው? የማይሆን መርጬ ይሆን? ስለ መሮ ምን አውቃለሁ! እኔ የማውቀው በሬን ነው። ባሌ ከዘመተ ወዲህ የቤታችን በር ማዕዘኑ ላልቶ ወልቋል፤ ማታ ማታ ሙቀጫ አስደግፍበታለሁ። ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ስገባ ልጄ ደሚቱ ከዚያ ሙቀጫ ጀርባ ብቻዋን ታድራለች። ልጅቷ ደርሳለች። ሰፈሩም ያንን በር ያውቀዋል።

አናጢ ብለምን ዛሬ ነገ ይለኛል። ሜክሲኮ አካባቢ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ብጠይቅ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ አንቀበልም አሉኝ። እኔ ገና መሠረተ ትምህርት ላይ ነኝ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን መፈክር እንኳ እስካሁን ግማሹን ነው ያነበብኩት። እዚህ ጌጃ ሰፈር፣ የእንጨት ሥራ ማኅበሩ ግቢ ውስጥ በእጅ እያሠሩ ያስተምራሉ ሲባል ግን ጎህ ሳይቀድ መጣሁ።

ጠዋት ፈረንጁ አንድ የበር ማዕዘን አሳይቶናል። አንደኛው እንጨት ምላስ አለው፤ ሌላው ጉድጓድ። ምላሱን ጉድጓዱ ውስጥ ሲከተው ያለ ሚስማር ገጠመ። ይዞ ወዘወዘው፤ ንቅንቅ አላለም። ያኔ እንባዬ መጣ፤ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ያ ማዕዘን አሁንም ተነጣጥሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ውሰድ» ይላል ፈረንጁ።

መዳፌን ወደ ጠረጴዛው ደግሜ አሳያለሁ። እሱ ራሱን ነቅንቆ ይህንንም ይመልስና ከሁሉም ሰፊ የሆነውን ያመጣል።

«ዲንቄ፣ ቀሚስ ነው እንዴ የምታማርጪው?» ትላለች አንዷ ከኋላ።

«ጥለቱ አላማራት ይሆናላ!» ትመልሳለች ሌላዋ።

ሳቁ ጆሮዬን ያግለዋል። ሰውየው ለምንድን ነው የማያስቀምጠው? ስለት ከእጅ ወደ እጅ ከተቀባበሉ ጠብ ይመጣል፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ዕድሜውን ከስለት ጋር የኖረ ሰው እንዴት ይጠፋዋል? ወይስ ሊያስተምረኝ ስላልፈለገ ነው? በመጀመሪያው ቀን ከአስተማሪዬ ጋር ጠብ ልጀምር?

ጓድ ሸዋዓለም እየተንጎማለለች ትመጣለች። «ፈራሽ እንዴ?»

«ኧረ አልፈራሁም፣ ጓድ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? በሩ ላይ ያሉት እየጠበቁ ነው።»

የሚታወቅ ነገር እንዴት ተብሎ ይነገራል? ከእኔ ቀጥላ የቆመችው ሀሚዳ ናት የምታድነኝ።

«እትዬ ዲንቄ፣ ሰውየው እኮ አያውቅም!»

«ምኑን?»

«ስለት ከእጅ እንደማይቀበሉ ነዋ! በአገሩ የለም ይሆናል።»

ቀና ብዬ ፈረንጁን አየዋለሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር መዶሻ አግኝቶት ጠቁሯል። እውነትም አያውቅም፤ መሮውን ያልወደድኩት መስሎት ነው የሚቀያይርልኝ። ለካ እጀታውን ወደ እኔ ያዞረው አክብሮኝ ኖሯል።

«ይሄ ኋላ ቀር ልማድ ነው!» ትላለች ጓድ ሸዋዓለም ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ። «አብዮታዊት ሴት በእንዲህ ዓይነት ነገር አትታሰርም። እዩ፣ እኔ ተቀብዬ አሳያችኋለሁ።»

እጇን ትዘረጋለች። እጇ መንገድ ላይ ይቆማል።

ፈረንጁ መሮውን ይበልጥ ያስጠጋላታል። እሷ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኛን ታይና የተዘረጋ እጇን ወደ ታች አውርዳ ጠረጴዛውን መታ መታ ታደርጋለች።

«እዚህ» ትለዋለች ቀስ ብላ። «እዚህ አስቀምጥላት።»

ሳቁ አሁን የሁላችንም ነው። ፈረንጁ ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮን ይስቅና መሮዎቹን በሙሉ ከመስቀያው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራቸዋል።

አንድ በአንድ እያነሳሁ የማዕዘኑ እንጨት ጉድጓድ ውስጥ እከታቸዋለሁ፤ ልክ ለደሚቱ ጫማ እንደምለካው። ሰፊው አይገባም። ቀጭኑ ይዋልላል። መጀመሪያ በጣቴ ያሳየሁት ግራና ቀኙን ሞልቶ ቀጥ ብሎ ይገባል።

«ጥሩ!» ይላል ፈረንጁ።

«ዲንቄ ገብታለች» ትላለች ጓድ ሸዋዓለም በሩ ላይ ላሉት። «ቀጥሎ ሀሚዳ።»

ፈረንጁ አዲስ እንጨት ጠረጴዛው ላይ ያጋድማል። እንዴት እንደሚመታ ሊያሳየኝ ፈልጎ መሮውን እንድሰጠው እጁን ይዘረጋል። እኔ መሮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

እጁ ባዶውን አየር ላይ ይቀራል። ጠረጴዛውን ያያል፤ እኔን ያያል። ከዚያ እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ጣቶቼ ከእጀታው እስኪነሱ ይጠብቃል።