የማልሱን ሎሚ

ሎሚዋን ከፍሬ ያበቀለቻት ሚስቴ ማልሱን ናት። ልትሞት ስትል፣ «አደራህን ውሃ እንዳይጠማት» አለችኝ።

በሞተች በአርባ ዘጠነኛው ቀን፣ የተቃጠለ ለሟች ይደርሳል በሚለው ወጋችን ልብሷንና ዕቃዋን አቃጠልኩ። በማግስቱ የሎሚዋ ቅጠሎች ከታች ጀምረው ቢጫ ይሆኑ ጀመር። ብረት አንሷት ይሆናል ብዬ የዛገ ምስማር አፈሯ ውስጥ ቀበርኩ። ጭራሽ ባሰባት። ከፎቶዋ በቀር ከማልሱን የቀረችኝ እሷ ብቻ ናትና ከነሸክላዋ ታቅፌ ቶንግዮንግ ገበያ ወሰድኳት።

ችግኝ ሻጯ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰዳ አሸተተች። «አባባ፣ ሥሯ በስብሷል። በውሃ ብዛት እየገደሏት ነው።»

«አፈሯ አልደርቅ ስላለ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብታ አልሰጠኋትም።»

«እንግዲያው ቤት ያለ ሰው ነው የሚያጠጣት።»

«ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ልጄ።»

ሳቀች። «እኔን ይዋሹኝ፤ ሎሚዋ ግን አትዋሽም። አፈሯን ቀይሬላታለሁ። አንዴ እንኳ ውሃ ከነካት አትተርፍም። እጅ የማይደርስበት ያስቀምጧት።»

ቤት መልሼ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጥኳት። ማልሱን አጭር ስለነበረች እዚያ የምትደርሰው በርጩማዋ ላይ ቆማ ነበር፤ በርጩማውንም ከልብሷ ጋር አቃጥዬዋለሁ። እንዲያም ሆኖ ፎቶዋ ፊት ተንበረከክሁ። «ማልሱን፣ በሞቴ፣ ጠጥታለች። ይብቃት» አልኳት። በሩን ቆልፌ ዓሣ ልገዛ ወጣሁ።

ቀትር ላይ ስመለስ ከቁም ሳጥኑ አናት ውሃ ይንጠባጠባል። የሚንጠባጠበው በርጩማው ላይ ነው።