ሚሬያን የገደለችው ሠዓሊ

"ሚሬያን ለምን ገደልሻት?!"

ኦሪዬ ቀና ስትል ምላጩ ፊቷ ላይ ደርሷል...

ቦታው ኢኬቡኩሮ በሚባል የከተማ ሰፈር ያለ መጽሐፍ መደብር ነው። ጠራራ ፀሐይ። ስልሳ የሚሆን ሰው አዲሱን ቅጽ ሊያስፈርም ተሰልፏል።

ኦሪዬ ኩሱኖኪ የማንጋ፣ ማለትም የጃፓን በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ሠዓሊ ናት። "የአመድ ደወል" የሚባለውን የድሮ የቪዲዮ ጌም በማንጋ መሳል ከጀመረች አራት ዓመቷ።

ጌሙ ውስጥ ቁስለኛ የምታክም ሚሬያ የምትባል ልጅ አለች። ስንቱ ሰው ከእሷ ጋር ነው ያደገው!

ጌሙ ላይ አትሞትም። ኦሪዬ ግን በዚህ አዲስ፣ ዘጠነኛ ቅጽ ላይ በጦር አስወግታ ገደለቻት።

ባለ እጀታ ምላጭ የያዘው ሰውዬ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ነው።

"ጌሙን አስራ አንድ ጊዜ ጨርሼዋለሁ! አስራ አንዱንም ጊዜ በሕይወት ወጥታለች! አንቺ ማን ነሽና ነው?!"

ሰነዘረ።

የመጀመሪያው ክንዷን ተለተለው። ደሟ ገና ያልተፈረመባቸው መጻሕፍት ላይ ተረጨ...

ሰልፉ ተበተነ። ሠራተኞቹ ሳይቀሩ እግሬ አውጪኝ አሉ።

ሁለተኛው ወደ አንገቷ ነበር የመጣው።

ግን አልደረሰም...

አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ተወርውረው ምላጩን በባዶ እጃቸው ጨበጡት!

ሰውዬው ጎተተ። አለቀቁም። ሁለት ጣታቸው እስከ አጥንቱ ተቆረጠ። በሌላ እጁ ፊታቸውን ነረተው... መነጽራቸው ተሰበረ፣ ጥርሳቸው ወለቀ... አሁንም አለቀቁም።

"ልቀቅ አንተ የጃጀህ! ምን አገባህ?!"

"ከማንም በላይ ያገባኛል!" አሉ ደም እየተፉ።

በግንባራቸው አፍንጫውን አሉት። ተያይዘው ወደቁ። ጥበቃዎች መጥተው ሰውዬው ላይ እስኪከመሩ ድረስ ያ የተተለተለ እጅ አልተፈታም።

በሦስተኛው ቀን ኦሪዬ ክንዷን ተሰፍታ፣ ሐብሐብ ይዛ ሆስፒታል ሄደች።

"አባባ... እኔን ለማዳን ብለው..."

"ላድንሽ አልነበረም የመጣሁት። ልሰድብሽ ነው የመጣሁት።"

ክው አለች።

"ኢሶቤ እባላለሁ። ጌሙ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፣ የብዕር ስሜ ነው። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ... ሚሬያ ልጄ ናት።"

"እንዴት ልጅዎ?"

"ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዓይኔ እያየ መኪና ገጭቶ ገደለብኝ። እዚያ ጌም ውስጥ እንዳትሞት አድርጌ ጻፍኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ኖረችልኝ... አንቺ በጦር ወጋሻት።"

ኦሪዬ ወለሉ ላይ ተደፋች።

"ታዲያ ለምን አስጣሉኝ?"

"አንድ ልጅ ዓይኔ ስር ሞታለች። ሁለተኛ ማየት አልችልም። አንቺም የሰው ልጅ ነሽ።"

"በሚቀጥለው ቅጽ አስነሳታለሁ! ቃሌ ነው!"

"ተይ! የሞተ እንደማይነሳ ካወቅኩ ቆየሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው... ገጹን ስገልጠው ጓደኞቿ ሰይፍ መዘው ወደ ሌላ ጦርነት! አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰላትም።"

ኦሪዬ ከሆስፒታሉ ወጥታ ወደ ሥዕል ጠረጴዛዋ ሄደች።

አሥረኛው ቅጽ በጸደይ ወጣ።

የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች ላይ ሰይፍ የለም። ጀግኖቹ ለሚሬያ መቃብር ይቆፍራሉ። ምግብ ቀርቦ ማንም አይነካም። ትልቁ ጦረኛ ፊቱን አዙሮ ያለቅሳል...

"ሰለቸን!" ያሉ አንባቢዎች ነበሩ።

አንድ ጠዋት ስልኳ ጮኸ።

"አነበብኩት" አሉ ኢሶቤ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። እሷም ስልኩን አልዘጋችም...

ወዳጆቼ፣ ምላጭ የያዘውም ሽማግሌውም ያንኑ መጽሐፍ አንብበው ተቃጥለው ነው የመጡት። ሽማግሌው እንዲያውም የባሰ ምክንያት ነበራቸው።

አንዱ ግን የምላጩን እጀታ ያዘ፣ ሌላው ስለቱን።

የቆሰለ ሁሉ ያቆስላል የሚባለው ውሸት ነው። በቁስልህ ምን እንደምታደርግ የምትመርጠው አንተ ነህ!

እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ... ቁስላችሁን የነካ ሰው አደጋ ላይ ቢወድቅ፣ እጃችሁን ትዘረጉለታላችሁ?